ከባሕር ጠለል የመጣው ሕመምተኛ፦ ባሕር ዳር ላይ አንድ የፊዚዮሎጂ ሲሙሌተር ያሳየን ነገር

አንድ ጠዋት ከተማሪዎቻችን አንዷ ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጁ ሕመምተኞችን እየለካች ነበር። ለቡአ ኦፕራሲዮን ከደራ የመጣ ጎልማሳ ገበሬ ጋ ደረሰች። ጣቱ ላይ ኦክሲሜትሩን፣ ማለትም ደሙ የያዘውን ኦክስጅን (ሳቹሬሽኑን) በመቶኛ የሚለካውን መሣሪያ፣ ሰካች። 94 አለ። ትንሽ ጠበቀች፤ አሁንም 94።

«ሳቹሬሽኑ ወርዷል!» አለችና ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራውን ማሽን፣ ኮንሰንትሬተሩን፣ ልታመጣ ሄደች። ማሽኑ ግን ጥግ ላይ ካለው አልጋ፣ በእውነት ከሚያስፈልጋቸው ሴትዮ ጋ ነበር። ክርክር ተነሣ። ሰውዬው ደግሞ ከአስታማሚው ጋር ስለ ማዳበሪያ ዋጋ እያወራ ነው። ትንፋሹም ልቡም ደህና ነው።

ነገሩን የፈታችው አንዲት አንጋፋ ነርስ ናት። ምንም አልተናገረችም። ኦክሲሜትሩን ከገበሬው ጣት አውጥታ የራሷ ጣት ላይ ሰካችው። 95። «ልጄ፣ ለእኔም ኦክስጅን ታመጭልኛለሽ?» አለቻት።

ተማሪዋ ከሰዓት ወደ እኔ መጣች። አልተከራከረችም፤ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መምህር፣ ሲሙሌተሩ ላይ ጤነኛ ሰው 98 ነው ብለን አይደል የተማርነው?»

ልክ ነበረች። ያስተማርናት እኛ ነን፣ የሰውን ሰውነት በኮምፒውተር በሚያስመስለው ሲሙሌተር።

ከየት ተነሣን

ማሰልጠኛችን ባሕር ዳር ነው። ስሙንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። እኔ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። አብረውኝ የሠሩት አንድ የአንስቴዥያ (የማደንዘዣ ሕክምና) መምህር፣ አንዲት ነርስ (ከላይ ያነሣኋት ናት) እና ፕሮግራም የሚጽፍ አንድ ወጣት ናቸው።

ድሮ አንድ የሚተነፍስ የልምምድ አሻንጉሊት ነበረን። ተማሪዎቹ «አይሞቴ» ብለው ስም አውጥተውለታል። የአየር ፓምፑ ተበላሸና መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ካልሆነ አይገኝም ተባለ። አይሞቴ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። እኛም ነፃ ሶፍትዌር ፍለጋ ወጣን።

ነፃ ሆኖ ኮዱም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር በሁለት ዓይነት አገኘን። አንደኛው የሞኒተር ስክሪን የሚያስመስል ነው። ኢንፈርመሪ ኢንተግሬትድ የሚባለው እንደዚህ ነው። መምህሩ የልብ ምት 120፣ ግፊት 80 በ50 ብሎ ይጽፋል፣ ሶፍትዌሩ የምቱን ማዕበል ስክሪኑ ላይ ይስላል። ቀላልና ጥሩ ነው። ግን ቁጥሩ የሚመጣው ከመምህሩ ጭንቅላት ነው። ተማሪው መድኃኒት ሲሰጥ ምን እንደሚሆን የሚወስነው መምህሩ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የሰውነት ሞዴል ነው። ቁጥሩን ማንም አይጽፈውም። ደም ሲፈስ ግፊቱ ራሱ ይወርዳል፣ ልቡ ራሱ ይፈጥናል። የዚህ ሐሳብ ሥር ረጅም ነው። አርተር ጋይተን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 የደም ዝውውርን በሙሉ በአንድ ትልቅ ሥዕል አወጣ። ሥዕሉ እርስ በርስ የተያያዙ ከ350 የሚበልጡ ሣጥኖች አሉት። እያንዳንዱ ሣጥን ስሌት ነው። ከዚያ ሐረግ የወጣው ሃምሞድ የሚባል ሞዴል እስከ ዛሬ አለ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ጦር የሕክምና ምርምር ገንዘብ ባዮጊርስ የሚባል ሞተር፣ ማለትም የሰውነት ሞዴሉን የሚያሰላ ፕሮግራም፣ ተጀመረ። ኋላም ከእሱ ፐልስ ተገንጥሎ ወጣ። ሁለቱም በአፓቺ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ማንም ይጠቀማል፣ ማንም ይለውጣል። እኛ ፐልስን መረጥን።

አሠራሩን ለተማሪ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ውስጡ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ይመስላል። ግፊት እንደ ቮልቴጅ ነው፣ የደም ፍሰት እንደ ከረንት። የጠበበ ሥር ሬዚስተር ነው፣ የሚለጠጥ ሥር ካፓሲተር። ሞተሩ ይህን ሁሉ በየ0.02 ሰከንዱ ያሰላል። ካፓሲተር ሲባል ግማሹ ክፍል ዓይኑ ይፈዛል። ስለዚህ ወደ ጣና ወሰድኳቸው፣ በቃል ማለቴ ነው። ብዙ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ በተፈጥሮ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው። ክረምት የገባው ውኃ በአንድ ቀን አይወጣም፤ ሐይቁ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨራ ጨራ ላይ ያለው መቆጣጠሪያም ፍሰቱን ያመጣጥናል። ትልቁ የልብ ደም ቧንቧም እንዲሁ ነው። ልብ ሲጨመቅ ይለጠጣል፣ ልብ ሲያርፍ ያጠራቀመውን ይገፋል። ከዚያ በኋላ ካፓሲተር ማለት ትተው «ጣናው» ማለት ጀመሩ። እኔም ተውኳቸው።

ተከላው

ይህን አላስረዝምም። ፐልስን ከምንጭ ኮዱ ለመገንባት ሲሞከር ሌሎች የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ከኢንተርኔት ያወርዳል። መስመር ሲቋረጥ ሥራው መሀል ላይ ይቆማል። ሦስት ቀን ባከነ። መጨረሻ ላይ ወጣቱ አንድ ሌሊት ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዶ ገንብቶ በፍላሽ አመጣው። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ላፕቶፖች መገልበጥ ብቻ ነበር።

ሌላው ችግር ሞተሩ መልክ የለውም። ቁጥር ይሰጣል እንጂ ሞኒተር አይሆንም። ወጣቱ ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ጥቁር ስክሪን ጻፈለት። አረንጓዴ የልብ መስመር፣ ሰማያዊ የኦክስጅን ቁጥር፣ ከታች ሰዓት። አያምርም፤ ይበቃል።

ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ሕመምተኛው «እስኪረጋጋ» ይጠብቃል፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ይህ ያሰለቻል። አንዴ አረጋግተን ሁኔታውን በፋይል አስቀመጥነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ልምምድ ከዚያ ፋይል ይነሣል። ይቺ ትንሽ ዘዴ ናት ሥራውን ያዳነችው፤ ምክንያቱም መብራት ሲጠፋም ከመጨረሻው ፋይል እንቀጥላለን።

የመጀመሪያው ዓመት

ጥሩ ሄደ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በተለይ ደም መፍሰስና አየር ደረት ውስጥ ተጠራቅሞ ሳንባ ሲጫን የሚያሳዩት ልምምዶች። ተማሪው መርፌውን ደረት ላይ ሲያስገባ ግፊቱ ቀስ እያለ ሲመለስ ያያል። ያንን በመጽሐፍ ማሳየት አይቻልም።

ነርሷ ከመጋረጃ ጀርባ ቁጭ ብላ ሕመምተኛውን ትሆናለች። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋርድ ያለው ሞኒተርም እንደዚያው ስለሆነ አልነካነውም። ሰውዬው ግን በአማርኛ ያወራል። «ደረቴን ወጋኝ።» «ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።» «ልጆቼን ጥሩልኝ።» ግፊቱ ሲወርድ ድምፅዋን ታወርዳለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። ተማሪዎቹ ስክሪኑን ትተው ወደ መጋረጃው የሚዞሩት ያኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሶፍትዌሩ ይልቅ የማረከኝ ይሄ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል፣ ዓመቱን ሙሉ፣ በስክሪኑ ጥግ ላይ ሰማያዊው ቁጥር 98 እያለ ይጀምር ነበር። ማንም ስለሱ አልተናገረም። ተማሪዎቹ ግን በየልምምዱ ያዩታል። ሳናስተምራቸው ተማሩት።

የ94ቱ ነገር

ከዋርዱ ክርክር በኋላ ፋይሎቹን ከፈትን። ሞተሩ ሕመምተኛውን የሚያስቀምጠው መደበኛ በሚለው አካባቢ ውስጥ ነው። የአየር ግፊቱ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ። ማለትም ባሕር ዳርቻ፤ ባሕር ዳር ሳይሆን የእውነት ባሕር ጠርዝ።

እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ ወደ 610 ነው። በሰሌዳ ላይ አብረን አሰላነው።

አየር ሳንባ ሲገባ ይረጥባል፤ ለውኃ ተን 47 ይቀነሳል። ከቀረው 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። በባሕር ጠለል 760 ሲቀነስ 47፣ በ0.21 ሲባዛ 150 ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዘው ቦታ ይቀነሳል፤ የእሱ ግፊት 40 ሲካፈል ለ0.8 (ሰውነት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚወስደው ኦክስጅን ያለው ንጽጽር ነው)፣ 50። ሳንባ ከረጢት ውስጥ የሚቀረው 100 ነው።

ባሕር ዳር ላይ 610 ሲቀነስ 47፣ በ0.21፣ 118 ገደማ። የከፍታ ነዋሪ ትንሽ አብዝቶ ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዝቅ ይላል፤ 36 ብንል ለ0.8 ሲካፈል 45። የሚቀረው 73 ነው። ወደ ደም ሲያልፍ ጥቂት ይቀንሳልና ወደ 70 ይጠጋል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን 70 ላይ የሚይዘው ኦክስጅን ወደ 94 በመቶ ነው።

ገበሬው 94። ነርሷ 95። ሁለቱም እዚህ የሚኖር ጤነኛ ሰው ናቸው። አንድ ተማሪ ከኋላ «የታመመው ሲሙሌተሩ ነዋ» አለ። ቀልድ ነበር። ግን ሶፍትዌሩ አልታመመም፤ ያልነገርነውን አላወቀም። አካባቢውን መቀየሪያ አለው፤ እኛ አልነካነውም።

ሕመምተኛውን ወደ ጣና ማምጣት

የአየር ግፊቱን 610 አድርገን እንደገና አረጋጋነው። ቁጥሩ ወረደ። ተደሰትን። ቀጥሎ የአንስቴዥያ መምህሩ ትንፋሹን አየና ፊቱን አኮሰተረ። ሰውዬው በመጠኑ አብዝቶ እየተነፈሰ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሞተሩ የሰጠን ሰው ዛሬ ጠዋት ከባሕር ጠለል በአውሮፕላን የመጣ ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ አይደለም። ኩላሊት ባይካርቦኔትን አውጥቶ የደሙን አሲድ ለማስተካከል ቀናት ይፈጅበታል። ሄሞግሎቢን ለመጨመር ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ይህን ሁሉ የግማሽ ሰዓት ልምምድ አያሳይም።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እዚሁ አማራ ክልል፣ ስሜን ተራራ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ ነበር። አማካይ ሳቹሬሽናቸው 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከእኛ እጥፍ በሚጠጋ ከፍታ ላይ ሆነው ማለት ነው! ሄሞግሎቢናቸውም በባሕር ጠለል ከሚጠበቀው ልክ አልወጣም። ከላይ ያሰላነው ሰሌዳ ይህን አይተነብይም። ሰሌዳው ጥሩ ነው፣ ሰው ግን ከሰሌዳው ይሰፋል። ለተማሪዎቹ ይህንንም አሳየናቸው። ትንሽ ግራ ተጋቡ። ግራ መጋባታቸው ደስ አለኝ።

ስለዚህ የተስማማነው ይህ ነው። የአካባቢ ፋይሉ የባሕር ዳር ይሁን። ልምምዱ ሲጀመር መምህሩ «ይህ ሰው ገና የመጣ እንግዳ ነው፣ የአገሩ ሰው ትንፋሹ ይህን ያህል አይታይበትም» ብሎ ይናገር። ይህ አረፍተ ነገር በካርዱ ላይ ተጽፏል፤ መምህር እንዳይረሳው።

77 ኪሎው ሰውዬ

አካባቢውን ስንፈትሽ ሕመምተኛውንም ፈተሽነው። መደበኛው ወንድ የ44 ዓመት ሰው ነው። ቁመቱ 1.80 ሜትር፣ ክብደቱ 77 ኪሎ። ዋርዳችን ውስጥ ስንቱ እንዲህ ነው?

የ55 ኪሎ ሰው ፋይል ሠራን። ለውጡ ከከፍታው ይልቅ ያስደነገጠን እዚህ ነው። በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር ደም ብንል የ77 ኪሎው ሰው 5.4 ሊትር ገደማ ደም አለው። የ55ቱ ግን 3.85። አንድ ሊትር ደም ሲፈስ ከመጀመሪያው ላይ ወደ 19 በመቶ ነው። ከሁለተኛው ላይ 26 በመቶ። በተለመደው የደም መፍሰስ አመዳደብ ሁለቱም ሁለተኛው ደረጃ (ከ15 እስከ 30 በመቶ) ውስጥ ናቸው፣ ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ገና ይይዛል። ትንሽ ቢጨምር ግን ቀጭኑ ሰው 30 በመቶን ተሻግሮ ግፊቱ ይወድቃል፣ ወፍራሙ ገና ይቀረዋል።

ልምምዱን ጎን ለጎን በሁለት ላፕቶፕ አስኬድነው። ያው ቁስል፣ ያው ፍሰት። ተማሪዎቹ «አንድ ሊትር ፈሰሰ» ብቻውን ምንም እንደማይል ሲያዩ፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ኪሎ ነው?» ሆነ።

በዚያው ልምምድ ሌላም ነገር ወጣ። አንዱ ተማሪ ሰዉ ሁሉ ጉሉኮስ የሚለውን ሳላይን በላይ በላዩ ሰጠ። ግፊቱ ተመለሰ፣ ክፍሉ አጨበጨበ። ወጣቱ ቀስ ብሎ ሌላ መስመር ስክሪኑ ላይ አወጣ፦ ሄሞግሎቢን። እየቀጠነ ነበር። ቧንቧው ሞልቷል፣ የሚሸከመው ግን ቀንሷል። ጭብጨባው ቆመ።

ያልተሳካው

ከሁሉ የከፋው የእርማታችን መዘዝ ነው። 94 ጤነኛ ሊሆን ይችላል ባልን በወሩ፣ አንድ ተማሪ ልምምድ ላይ 89 እያየ ተቀመጠ። «ከፍታ ነው» አለ። ከፍታ አልነበረም፤ አስም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ኦክስጅን ጀምሩ የሚለው ከ90 በታች ሲሆን ነው፤ ከፍታችን ያንን አይሽርም። ከዚያም በላይ፣ ከ96 ወደ 92 በአሥር ደቂቃ የወረደ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ 94 ከሆነው ሰው ጋር አንድ አይደለም። አሁን ልምምዱን የምንጀምረው ሕመምተኛው ቀደም ሲል ስንት እንደነበር በሚያሳይ ወረቀት ነው። ይህን ቀድመን ማሰብ ነበረብን፤ አላሰብንም።

የሶፍትዌሩ ኦክሲሜትርም እውነተኛ ኦክሲሜትር አይደለም። ሞተሩ ያሰላውን ሳቹሬሽን ቀጥታ ያሳያል። በስክሪኑ ያለው ጣት አይቀዘቅዝም፣ የጥፍር ቀለም የለውም፣ እንሶስላ አልሞቀም፣ የቆዳ ቀለምም የለውም። የእውነቱ መሣሪያ ግን ጥቁር ቆዳ ላይ ሳቹሬሽኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል የታወቀ ነው። ለዚህ ሶፍትዌር መፍትሔ የለንም። ነርሷ ብቻ እውነተኛ ኦክሲሜትር ይዛ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በነከረችው ጣቷ ላይ ታሳያቸዋለች።

ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችም የሉንም። የተጠቀምንበት እትም ለጐልማሳ ሰው ነው። የ55 ኪሎውን ፋይል እያሳነሱ ልጅ ለማድረግ የሞከረ ነበር። ሞተሩ ተባብሮት ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር፤ እንቢ አለና ዳንን። ልጅ ትንሽ ጐልማሳ አይደለም።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ሌላ ማሰልጠኛ ይህን ቢጀምር ገንዘቡን ሳይሆን ሁለት ፋይሎችን ያስቀድም፦ የአካባቢውንና የሕመምተኛውን። ተማሪ ሳይገባ መምህራኑ ራሳቸው ኦክሲሜትር ጣታቸው ላይ ሰክተው ከስክሪኑ ጋር ያስተያዩ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኛ ዓመት ፈጀብን።

ኮዱ ክፍት መሆኑ የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። የተዘጋ መሣሪያ ቢሆን 760ው የት እንደተጻፈ አናውቅም ነበር። ግን ክፍት መሆኑ ብቻውን ማንንም አያነቃም። ፋይሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት ነበር፣ ማንም አላየውም እንጂ። ያየችው ኮምፒውተር የማትነካ ነርስ ናት፣ በጣቷ።

ደግሞ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ከክፍሉ አይራቅ። ወጣታችን ሁለት ሳምንት ለመስክ ሲሄድ ስክሪኑ አልሠራ አለን፣ ወደ ወረቀት ተመለስን። አሁን አንዲት ተማሪ አብራው ትማራለች። በ94ቱ የተከራከረችው ናት።

ባለፈው ደብረ ታቦር የሚያስተምር አንድ ወዳጃችን መጥቶ አቃፊውን በሙሉ በፍላሽ ወሰደ። በሳምንቱ ደወለ።

«የእናንተ ሰውዬ እኛ ጋ በጣም ጤነኛ ነው» አለ። «የታመምነው እኛ ሳንሆን አንቀርም።»

«የአካባቢ ፋይሉን ቀየርክ?»

ትንሽ ዝም አለ። «ስንት ልጻፍ?»

«ባሮሜትር ካላችሁ አንብቡት። ከሌለ 2,700 ሜትር ላይ ወደ 545 ነው።»

ሲጽፍ የቁልፉ ድምፅ ተሰማኝ።